አውሎ ነፋስን የሚመዘግቡ እጆች፦ ከዐረብ ባሕር ማዕበሎችና ከበጎ ፈቃደኛ ታዛቢዎች የምንማረው

ለፋኩልቲው ሕዝባዊ ገለጻ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ባሕር በር በሌለው አገር፣ በደጋ ላይ በቆመ አዳራሽ፣ ስለ ውቅያኖስ ማዕበል እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ርእሱ ከእኛ የራቀ መስሎ የታያችሁ ካላችሁ፣ ለብዙ ዓመታት እኔም እንዲሁ ይመስለኝ እንደ ነበር አስቀድሜ ልናዘዝ።

ሐሳቤን የለወጠው የአንድ ገበሬ ጥያቄ ነው። በ2012 ዓ.ም. መኸር ከወሎ የመጣ አንድ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቢሮዬ ገባ። የአባቱን ማሽላ አንበጣ በልቶት ነበር። ቤተ ሰቡ ቆርቆሮ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ ሦስት ቀን ቢከላከልም አልቻለም። አባትየው በስልክ «አንተ የተማርኸው፣ ይህ አንበጣ ከየት ነው የመጣብን?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት፤ እሱም ጥያቄውን ወደ እኔ አመጣው። «ከሶማሌ በኩል» አልሁት። «ከዚያ በፊትስ?» አለኝ። «ከየመን።» «ከዚያስ በፊት?» ይህን ጊዜ ወደ መጻሕፍቴ መመለስ ግድ ሆነብኝ። ያገኘሁት መልስ ማንም ገበሬ ሊገምተው የማይችል ነበር፤ የአባትየውን ማሽላ የበላው አንበጣ የዘር ሐረጉ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ኦማንን ከመታ ማዕበል ይመዘዛል።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልግለጸው። እዚህ ላይ «ሳይክሎን» የምለው በሐሩር ክልል ባሕሮች ላይ የሚፈጠረውን ታላቅ ተሽከርካሪ አውሎ ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ሐሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ታይፉን ይሉታል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ለመፈጠር የባሕሩ ገጽ ሙቀት በአብዛኛው ከ26 ተኩል ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ መሆን፣ ከምድር ወገብ ጥቂት መራቅና በታችኛውና በላይኛው አየር መካከል የነፋስ ልዩነት ማነስ ያስፈልገዋል። በዐረብ ባሕር ላይ ይህ የሚሟላው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከእኛ ክረምት በፊትና ከክረምታችን በኋላ። በመካከሉ የክረምቱ ነፋስ ሲበረታ፣ ከታችና ከላይ በተለያየ አቅጣጫ የሚነፍሰው አየር ሊወለድ ያለውን ማዕበል ይበጣጥሰዋል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ሁለት ሳይክሎኖች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ሳጋር ይባላል፤ ቃሉ በሂንዲ ባሕር ማለት ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመጓዝ ሜይ 19፣ ማለትም ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የሶማሌላንድን ዳርቻ መታ። በሰሜን ህንድ ውቅያኖስ የምዝገባ ታሪክ እስከዚያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ ወደ የብስ የገባ ሳይክሎን አልነበረም። ሰዎችን ገደለ፤ የአርብቶ አደሩን መንጋ ፈጀ፤ ጅቡቲ ከተማን በጎርፍ አጥለቀለቀ፤ ቀሪው ዝናብም ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘለቀ። ቀናት ሳይቆጠሩ መኩኑ የተባለው ሁለተኛው ሳይክሎን ሜይ 25 ኦማን ውስጥ በሰላላ አጠገብ ወደ የብስ ገባ፤ ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው አልባ በረሃም በአሸዋ ክምሮች መካከል ሐይቆች ተፈጠሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሉባን የተባለው ማዕበል የመንን መትቶ አካባቢውን እንደ ገና አረጠበው።

የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈለው ኩብኩባም ለምለም ቅጠል ይሻል። ማዕበሎቹ ሁለቱንም ሰጡት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እንደሚሉት አንበጣው በዚያ በረሃ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ፤ ቁጥሩም ስምንት ሺህ ጊዜ ያህል ተባዛ። ከዚያ በጦርነት ወደ ታመሰችው የመን፣ በ2019 አጋማሽም ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በዲሴምበር 2019 ፓዋን የተባለ ሌላ ማዕበል ሶማሊያን ሲመታ ለአዲስ ርቢ አመቸው። ለኢትዮጵያ ከ25 ዓመታት፣ ለኬንያ ከ70 ዓመታት ወዲህ የከፋ የአንበጣ ወረራ የተባለው ይህ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሐረግ ነጥላችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፦ «ማንም ሳያየው» የሚለውን። ጥፋቱ በዝናቡ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ዝናቡ በወደቀበት ስፍራ ተመልካች አለመኖሩም ድርሻ አለው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ተመልካች ነው። ማን ነው? ሳይከፈለው ለምን ይመለከታል? የሚጽፈውስ ለእኛ ለምሁራን ምን ይጠቅመናል?

የሳይክሎን ጥናት ራሱ የተመሠረተው በእንዲህ ያለ ተመልካች ነው። «ሳይክሎን» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ሄንሪ ፒዲንግተን በ19ኛው መቶ ዘመን በካልካታ ይኖር የነበረ የቀድሞ የመርከብ አዛዥ ነው። ቃሉን ከግሪክ ወስዶ የእባብን ጥምጥማት እንዲያመለክት አደረገው። ፒዲንግተን ሳተላይትም ራዳርም አልነበረውም። የነበረው ከማዕበል ተርፈው የመጡ መርከበኞች የጉዞ መዝገብ ነበር፤ በየሰዓቱ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፣ የአየር ግፊት መለኪያው ምን እንዳሳየ የተጻፈበት። እነዚያን መዝገቦች እርስ በርስ እያስተያየ ነፋሱ እንደ እባብ ተጠምጥሞ እንደሚዞር አሳየ። መርከበኞቹ ሰሌዳቸውን የሞሉት ለሳይንስ ብለው አልነበረም፤ ሆኖም ያለ እነርሱ ሳይንሱ አይኖርም ነበር።

በ1853 ፒዲንግተን ለህንድ ጠቅላይ ገዥ ደብዳቤ ጻፈ። በማትላ ወንዝ ላይ ሊሠራ የታሰበው አዲስ ወደብ በማዕበል በሚነሣ የባሕር ሙላት እንደሚጠፋ አስጠነቀቀ። የሰማው አልነበረም፤ ወደቡ ተሠራ። በ1867፣ ፒዲንግተን ከሞተ ከዘጠኝ ዓመታት በኋላ፣ ባሕሩ መጥቶ ወደቡን አወደመው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸው ነበር። እኔ ራሴ በታሪኩ ውስጥ ከማን ወገን እንደምቆም ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

በዘመናችን ማዕበልን የሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኞችን በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የሚለኩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ በተባለች ከተማ ድንገተኛ ጎርፍ ሰው ገደለ። በአንደኛው ሰፈር ዝናቡ እጅግ የበረታ ሲሆን በሌላው ጥቂት ነበር፤ መደበኛ ጣቢያዎቹ ልዩነቱን ለማየት አልበቁም። በማግሥቱ ዓመት የአካባቢው የአየር ንብረት ባለሙያዎች ነዋሪዎች በግቢያቸው ርካሽ የፕላስቲክ መለኪያ ተክለው በየጠዋቱ እንዲያነቡ ጠየቁ። ኮኮራስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ያ መረብ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ታዛቢዎች አሉት፤ ሐሪኬን በመጣ ጊዜም የመንግሥት ትንበያ ክፍሎች የእነርሱን ልክ ይጠቀማሉ።

ሁለተኛዎቹ የሚለዩት ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬርኖን ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ከሳተላይት ምስል የደመናውን ቅርጽ አይቶ የማዕበሉን ኃይል የመገመት ዘዴ ፈጠረ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ነገር ግን በዐይን ፍርድ ላይ ስለሚያርፍ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ምስል ለየቅል ሊያነቡት ይችላሉ። በ2012 ሳይክሎን ሴንተር የተባለ ፕሮጀክት ከ1978 እስከ 2009 የተነሡ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጉ የማዕበል ምስሎችን ለሕዝብ ከፈተ። ማንኛውም ሰው ምስሉን ከናሙናዎች ጋር እያነጻጸረ ቀላል ጥያቄዎችን ይመልስ ነበር፤ የብዙ ሰዎች መልስም በስታቲስቲክስ ዘዴ ይጣመር ነበር። የአንዱ ስሕተት በሌላው ይታረማል፤ ሰዎቹ የማይስማሙበት ምስልም ለተመራማሪው «እዚህ ላይ ጥርጣሬ አለ» የሚል ምልክት ይሆነዋል።

ሦስተኛዎቹ የሚያጠናቅሩት ናቸው። በውክፔዲያ ላይ ስለ ሳይክሎኖች ብቻ የሚጽፉ፣ የማዕበሉን መንገድ በካርታ የሚነድፉ፣ የሞተውንና የፈረሰውን ከየአገሩ ዘገባ እየለቀሙ የሚያስታርቁ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሳጋርን ለማጥናት በተነሣሁ ጊዜ መጀመሪያ የደረስሁት በእነርሱ ጽሑፍ ላይ እንደ ነበር ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ኋላ ምንጩን አስቀምጠዋል፤ እኔም ምንጩን ተከትዬ ወደ ዋናው ሰነድ ሄድሁ።

እነዚህ ሦስት ወገኖች አንዱ በሌላው ላይ የቆሙ ናቸው። አጠናቃሪዎቹ ሕጋቸው የራሳቸውን ትዝብት ሳይሆን ቀድሞ የታተመውን ብቻ እንዲጽፉ ያዝዛቸዋል። እንግዲህ ሳጋር በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ስላደረሰው ነገር የለካ ካልነበረ፣ የተለካውን ያተመ ካልነበረ፣ በዓለም ትልቁ መዝገበ ዕውቀትም ስለዚያ ስፍራ ዝም ይላል። የእነርሱ ዝምታ የእኛ ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ማዕበሉ ባለፈ ሰሞን መልእክት ላከልኝ። በግቢው ውስጥ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ አስቀምጦ፣ የተጠራቀመውን ውሃ በማስመሪያ እየለካ፣ ሦስት ቀን የወረደውን ዝናብ ከነሰዓቱ ጽፎልኝ ነበር። «መምህር፣ ይጠቅምዎት እንደሆን ብዬ ነው» ይላል መልእክቱ። እኔም ከመደበኛ መለኪያ ያልተገኘ ልክ ለሳይንሳዊ ትንተና እንደማይበቃ፣ ትጋቱን ግን እንደማደንቅ ጻፍሁለት። ትሕትና ያለበት መልስ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጻፈልኝም።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጋቲ የተባለው ሳይክሎን በሶማሊያ ሐፉን አካባቢ ወደ የብስ ገባ። በሶማሊያ ምድር በሐሪኬን ኃይል ያረፈ የመጀመሪያው የተመዘገበ ማዕበል ነው። የአሜሪካ የጋራ የታይፉን ማስጠንቀቂያ ማእከል እንደ ገመተው በ12 ሰዓት ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር ዘለለ። የህንድ ሚቲዎሮሎጂ መምሪያ ግን ከፍተኛውን 140 ኪሎ ሜትር ብሎ መዘገበው። የልዩነቱ አንድ ክፍል የሚመጣው አንዱ የአንድ ደቂቃ፣ ሌላው የሦስት ደቂቃ አማካይ ስለሚወስድ ነው። የቀረው ግን ሁለቱም በዋናነት ከሳተላይት ምስል የሚነሡ ግምቶች ስለሆኑ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ጣሳ ትዝ አለኝ።

ሳጋርንና ጋቲን አነጻጽሬ ለመጻፍ ስነሣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በየቀኑ የተለካ ዝናብ ፈለግሁ። ጣቢያዎቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው። ግንቦት በዚያ አካባቢ ራሱ የዝናብ ወር ነው፤ ስለዚህ አንድ ጎርፍ የማዕበሉ ይሁን የተለመደው ወቅት፣ ቀኑና ሰዓቱ ያልተጻፈ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የሞተ ሰውና ያለቀ መንጋ ለየትኛው አደጋ እንደሚቆጠር የሚወስን ነው። ለመምህሩ ደወልሁ። ደብተሩ ጠፍቷል፤ ትምህርት ቤት ሲቀይር ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተጥሏል። ለእኔ የላከው መልእክትም ከአሮጌ ስልኬ ጋር ጠፍቶ ነበር። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የተጻፈም ቢሆን ተቀባይ ሲያጣ እንደሚረሳ በራሴ አየሁት።

በሙያው ብንመረምረውም ስሕተቴ ግልጽ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ የአፉ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን የውሃው ጥልቀት የዝናቡ ልክ ነው። ነፋስና ትነት ልኩን ጥቂት ያጎድሉታል፤ ነገር ግን የመሳሳቻው አቅጣጫ የሚታወቅ መረጃ ጭራሽ ካልተለካ ይሻላል። የእኔ ግዴታ ጣሳውን መናቅ አልነበረም፤ የት እንደ ተቀመጠ፣ ዛፍ ወይም ግድግዳ ይጋርደው እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተነበበ መጠየቅ ነበር።

ይህን ስል በጎ ፈቃድ ሁሉ ዕውቀት ነው ማለቴ አይደለም። ማዕበል በመጣ ቁጥር የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ፎቶግራፍ «የዛሬ ነው» እየተባለ ይሰራጫል። ሰዎች በሚኖሩበት ስፍራ መረጃ ይበዛል፤ አርብቶ አደር በተበተነበት ስፍራ ይሳሳል፤ የመረጃውን መሳሳት የዝናቡ መሳሳት አድርጎ የሚያነብ ተመራማሪም ይሳሳታል። ለፎቶግራፍ ሲሉ ወደ ጎርፍ የሚገቡም አሉ። ማንም ተማሪዬ ለአንድ ቁጥር ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ እንዲጥል አልሻም፤ ልኩ ጎርፉ ካለፈ በኋላ በግድግዳ ላይ ከተወው ምልክትም ይገኛል።

የመዝገቡ ጉድለት በትልቁ ጥያቄ ላይም ጥላውን ያጠላል። ተማሪዎች ሁልጊዜ «ሳይክሎኖች እየበዙ ነውን?» ብለው ይጠይቁኛል። በ2019 በዐረብ ባሕር አምስት ሳይክሎኖች ተፈጥረዋል፤ የባሕሩ ምዕራባዊ ክፍል በዚያ ዓመት ከልማዱ በላይ ሞቆ ነበር። በ2023 ፍሬዲ የተባለው ሳይክሎን ከአውስትራሊያ አጠገብ ተነሥቶ ህንድ ውቅያኖስን በሙሉ አቋርጦ ሞዛምቢክን ሁለት ጊዜ መታ፤ በማላዊ እጅግ ብዙ ሰው ገደለ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት 36 ቀን የዘለቀ፣ በዕድሜ ረጅሙ ሳይክሎን ብሎ አጽድቆታል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2021 ሪፖርቱ ባለፉት አራት ዐሠርት ዓመታት ከሳይክሎኖች ሁሉ የኃይለኞቹ ድርሻ ሳይጨምር እንዳልቀረ ገልጿል፤ ስለ ጠቅላላ ቁጥራቸው የረጅም ጊዜ አዝማሚያ ግን እርግጠኝነቱ ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት ማዕበል የሚመዘገበው መርከብ ወይም ከተማ ሲያገኝ ብቻ ስለ ነበር ነው። ዛሬ የማንመዘግበው ነገር ለልጅ ልጆቻችን እንዲሁ ያለ ክፍተት ይሆንባቸዋል።

ምዝገባ ሕይወት ያድናል ወይ ለሚል ባንግላዴሽን ልጥቀስ። በኖቬምበር 1970 የመጣው የቦላ ሳይክሎን ቢያንስ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ገደለ። በ1972 በመንግሥትና በቀይ ጨረቃ ማኅበር ትብብር የሳይክሎን ዝግጁነት ፕሮግራም ተቋቋመ። በመንደሩ የታወቁ በጎ ፈቃደኞች ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ አረጋውያንን ወደ መጠለያ ይወስዳሉ፤ ከማዕበሉም በኋላ ጉዳቱን ይመዘግባሉ። ዛሬ ከሰባ ሺህ በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። እርግጥ መጠለያውና ትንበያውም ተሻሽሏል፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጡ ኃይለኛ ማዕበሎች የገደሉት ሰው ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በራሳችንም አካባቢ በአንበጣው ጊዜ ተራ ሰው በስልኩ መንጋው የታየበትን ስፍራ የሚያሳውቅበት መተግበሪያ በ2020 ሥራ ላይ ውሏል። የሩብ አል ኻሊን ስሕተት ለመድፈን የተደረገ ጥረት ነው።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ምን ይጠበቃል? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፋኩልቲያችን ለምሩቃኑ፣ በተለይ በምሥራቁ አገራችን ለሚያስተምሩት፣ ርካሽ የዝናብ መለኪያና አንድ ገጽ መመሪያ ይስጥ፤ የላኩትንም የሚቀበል፣ የሚያጣራና የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ይመድብ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲሠሩ ያለፉትን ማዕበሎች ከሽማግሌዎች ቃል፣ ከጤና ጣቢያና ከቀበሌ መዝገብ ይሰብስቡ፤ ሕዝባችን ዘመኑን «በአንበጣው ዓመት»፣ «በጎርፉ ዓመት» እያለ ይቈጥራልና ቃሉ ራሱ ሰነድ ነው። ሦስተኛ፣ የታተመውን በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ለሁሉም በተከፈተ መዝገበ ዕውቀት ላይ ጻፉ። የወሎው ገበሬ የጠየቁት ጥያቄ በሚያነቡት ቋንቋ መልስ ሊኖረው ይገባል።

በመጨረሻ፣ ያን መምህር ባለፈው ዓመት እንደ ገና አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «መምህር፣ ጣሳው አሁንም አለ፤ ደብተሩን ግን በዚህ ጊዜ እርስዎ ይግዙልኝ» አለኝ። ገዝቼ ልኬለታለሁ። በየወሩ መጨረሻ ገጾቹን በፎቶግራፍ ይልክልኛል፤ እኔም በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። እስካሁን በመዝገቡ ውስጥ አንድም ሳይክሎን የለም፤ አብዛኛው ቀን የተጻፈው ዜሮ ነው። ዜሮውንም ሳይዘልል ይጽፈዋል።